ስለ ዓሣ ማኖሪያ መስተዋት አሰናዳድና አጠባበቅ

በጋምቤላ ከተማ ለሚኖር ቤተ ሰብ ዓሣ እንግዳ ነገር አይደለም። አኝዋኮች በቋንቋቸው ኦፔኖ ብለው የሚጠሩት የባሮ ወንዝ ከከተማው ጋራ ተያይዞ ይፈሳል፤ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦም አገሩን እያጠጡ ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ። የኢትዮጵያና የሩሲያ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በኅብረት መርምረው እንዳስረዱት በእነዚህ ወንዞችና በዙሪያቸው ባለው ረግረግ የሚኖሩት የዓሣ ዓይነቶች ከመቶ ይበልጣሉ፤ በዓሣ ዓይነት ብዛትም በአገራችን የሚተካከላቸው የለም።

ነገር ግን ይህን ያህል ዓሣ ባለበት አገር የሚያድግ ልጅ ዓሣን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከመረብ ከወጣ በኋላ ወይም በመጥበሻ ላይ ነው። የወንዙ ውኃ በክረምት ጭቃ የተቀላቀለበት ስለ ሆነ፣ ዓሣው በሕይወቱ ሳለ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ምን እንደሚመገብ፣ ግልገሎቹንም እንዴት እንደሚጠብቅ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ በቤት ውስጥ አንድ የዓሣ ማኖሪያ መስተዋት፣ በውጭ አገር ስሙ አኳሪየም የሚባለውን፣ አሰናድቶ ማስቀመጥ ለልጆች ጨዋታም ትምህርትም ይሆናል። አሠራሩን ሳያውቁ የጀመሩት እንደ ሆነ ግን ዓሦቹ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ ልጁም ከትምህርቱ ይልቅ ኀዘኑን ያተርፋል። ይህንንም ጥፋት ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው የጽዳት ጕድለት ብቻ ሳይሆን ያለ ዕውቀት የሚደረግ ከልክ ያለፈ ጽዳት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ነገር ይህ ነው።

ዓሣን በኩሬ ማኖር ጥንታዊ ልማድ ነው። የጥንት ግብጻውያን በአትክልታቸው መካከል በሚቈፍሩት ኩሬ ቆሮሶን ያኖሩ እንደ ነበር በመቃብራቸው ግድግዳ ላይ የተሳሉት ሥዕሎች ያስረዳሉ። ያም ቆሮሶ ከባሮው ቆሮሶ ጋራ ዘመድ ነው፤ ባሮ ወደ ሶባት፣ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባልና። በመስተዋት ውስጥ ማኖር ግን የቅርብ ዘመን ሥራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1850 ዓ.ም. ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሁለት ዓሦችንና አንድ የውኃ ተክል በአንድ ዕቃ አኖረ። የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን ባበላሸው ጊዜ ውኃውን በመድፋት ፈንታ የበሰበሰውን የሚበሉ የውኃ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረበት፤ ውኃውም ጠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1853 ዓ.ም.፣ በሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። ከዋሪንግተን ሥራ የምንማረው በመስተዋት ውስጥ ያለውን ውኃ የሚያጸዳው የሰው እጅ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለው ሕይወት ጭምር መሆኑን ነው።

ይህም እንዴት እንደሚሆን ጥቂት እንግለጥ። ዓሣ የሚኖረው፣ የሚበላውና የሚጸዳዳው በዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ከዓሣው የሚወጣው እድፍና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ይህ መርዝ ውኃውን ስለማያደፈርሰው በዓይን አይታወቅም፤ ነገር ግን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። በወንዝ ውስጥ ብዙ ውኃ ጠርጎ ይወስደዋል፤ በመስተዋት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ደግነቱ፣ በአሸዋው፣ በድንጋዩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ግን ብዙ ካልተጠራቀመ በቀር ዓሣውን አይጐዳም። እነዚህ የማይታዩ ሠራተኞች በበቂ ቍጥር እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ በየሳምንቱ አሸዋውን አውጥቶ በሳሙና የሚያጥብ፣ ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ የሚጨምቅ፣ ውኃውንም ሁሉ ደፍቶ አዲስ የሚሞላ ሰው መስተዋቱን ያብለጨልጨዋል፤ ሠራተኞቹን ግን ይገድላቸዋል። ዓሦቹም በጠራው ውኃ ውስጥ ይመረዛሉ።

ይህ ሁሉ በደጋ አገርም እውነት ነው፤ በጋምቤላ ግን ሙቀቱ ሌላ ችግር ይጨምርበታል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ወደ 500 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው አየር ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውኃ እስከ 9 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ የሆነው የሚይዘው ከ7 ሚሊግራም ተኩል አይበልጥም። ደግሞም የውኃው ሙቀት ሲጨምር የአሞኒያው መርዝነት ይበረታል፤ ዓሣውም ብዙ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ የጋምቤላ መስተዋት ሰፊ አፍ ያለው፣ በጥላ የሚቀመጥና ጥቂት ዓሣ ብቻ የያዘ መሆን አለበት። መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ቢቆም እንኳ ዓሦቹ እስከሚመለስ ድረስ ሊታገሡ የሚችሉት እንዲህ ሲሆን ነው።

ለጀማሪ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱም 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስተዋት ይበቃል። የመስተዋትና የአሉሚኒየም ሥራ ያለው ባለሙያ ሊሠራው ይችላል፤ የመስተዋቱ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ማጣበቂያው ሲሊኮን የሻጋታ መከላከያ መድኀኒት ያልተጨመረበት ይሁን፤ ሽታው እስኪጠፋም ድረስ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ በኋላ በደጅ ውኃ ሞልተው ሁለት ቀን ቢያቈዩት የሚያፈስ መሆኑና አለመሆኑ ይታወቃል። ውኃው፣ አሸዋውና መስተዋቱ በአንድነት ሲመዘኑ አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ስለሚሆኑ፣ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጽኑና የተስተካከለ፣ ከልጆች ግፊያም የራቀ መሆን አለበት። ከበታቹ ስስ ስፖንጅ ይነጠፍ። ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ግን አይቀመጥ፤ ውኃው ይፈላል፣ አረንጓዴ አልጌም ይወርሰዋል።

አሸዋውን ከባሮ ዳር ማምጣት ይቻላል። በባልዲ እያደረጉ እጥበቱ እስኪጠራ ድረስ ደጋግመው በውኃ ብቻ ይጠቡት፤ በመጨረሻም የፈላ ውኃ ያፍስሱበት። በድንጋይ ላይ አቼቶ ጠብ ቢያደርጉበትና አረፋ ቢያወጣ ኖራ ያለበት ስለ ሆነ ይተውት። ለዓሦቹ መሸሸጊያ ንጹሕ የሸክላ ገል ወይም አፉ የሰፋ ትንሽ ማሰሮ ይበቃል፤ ቆሮሶ ተክል የሚነቅልና የሚበላ ስለ ሆነ ለእርሱ ድካም ማብዛት አያስፈልግም።

ስለ ውኃው ግን መጠንቀቅ ይገባል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት ለሰው ጤና ቢሆንም ለዓሣና ለባክቴሪያዎቹ መርዝ ነው። ለመጠጥ ብለው ውኃ አጋር የጨመሩበትም እንደዚያው ነው። አፉ በሰፋ በርሜል ወይም ባልዲ ቢያንስ 24 ሰዓት ክፍቱን ቢያድር ክሎሪኑ ይተናል። ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ከሆነ ደግሞ ጭቃው እስኪዘቅጥ ሁለት ቀን አቈይተው ከላይ ያለውን ብቻ ይቅዱ።

መስተዋቱን ሞልተው የአየር መንፊያውንና የስፖንጅ ማጣሪያውን ካስነሡ በኋላ ዓሣ ወዲያው አይግባበት። በየቀኑ አንድ ቍንጥር የዓሣ ምግብ እየጣሉበት አራት ሳምንት ይጠብቁ፤ ይህ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ነው። ልጆች ባዶ ውኃ ማየት ይሰለቻቸዋል፤ ሆኖም ትዕግሥትን የሚማሩበት የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ አደጋ አለ። ዓሣ የሌለበት የቆመ ውኃ የወባ ትንኝ እንቍላል መጣያ ይሆናል፤ በጋምቤላ ሙቀትም ከእንቍላል ተነሥቶ በራሪ ትንኝ እስከ መሆን ድረስ አንድ ሳምንት ያህል ሊበቃው ይችላል። ስለዚህ አፉ በንጹሕ ሻሽ ይሸፈን። ለመሸፈኛም ሆነ ለዓሣ ማውጫ የአልጋ አጐበር ቍራጭ ከቶ አይሁን፤ በአጐበሩ ላይ ያለው መድኀኒት ትንኝን እንደሚገድል ሁሉ ዓሣንም ይገድላልና።

አሁን ስለ ዓሣው ምርጫ እንናገር። በአዲስ አበባ በአንዳንድ መደብሮች የሚሸጠው ወርቅማ ዓሣ ዘሩ ከቻይና የመጣ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የሚወድ ነው፤ ለደጋው ይስማማል፤ በጋምቤላ ሙቀት ግን ይጨነቃል። ለጋምቤላ ቤት የሚስማማው የጋምቤላ ዓሣ ነው። የጣት ርዝመት ያላቸው 4 ወይም 5 ግልገል ቆሮሶዎች ለመጀመሪያ ይበቃሉ። ቆሮሶ ሙቀትን የሚችል፣ በቶሎ የሚለምድ፣ ጠባዩም የሚያስደንቅ ዓሣ ነው። ወንዱ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጐድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ሴቷም እንቍላሏን በአፏ ይዛ እስኪፈለፈል ትጠብቃለች፤ ግልገሎቹም አደጋ ሲሰማቸው ተመልሰው በእናታቸው አፍ ይገባሉ። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ በወንዙ ላይ የሚጣለውን ጠባብ መረብ ጉዳት ያለ ብዙ ንግግር ይረዳዋል።

አምባዛ ግን በቶሎ የሚያድግና ጓደኞቹን የሚውጥ፣ አየርም መተንፈስ ስለሚችል ከመስተዋቱ ዘሎ የሚወጣ ነው። በሳንባ የሚተነፍሰውም ዓሣ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚያድግ ለቤት አይሆንም። «ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንዲሉ፣ ከወንዙ ያገኙትን ሁሉ በባዶ እጅ ማፈስም አይገባም፤ በባሮ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ የሚያነዝር የኤሌክትሪክ ዓሣ አለና።

አዲስ የመጣ ዓሣ ለሁለት ሳምንት በሌላ ዕቃ ብቻውን ይቀመጥ፤ በሽታ ያለበት እንደ ሆነ በዚያ ይታወቃል። ወደ መስተዋቱ ሲገባም የመጣበትን ዕቃ ግማሽ ሰዓት ያህል በውኃው ላይ አንሳፍፈው፣ ከመስተዋቱ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ያለማምዱት። ምግቡ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በልቶ የሚጨርሰው ያህል ብቻ ይሁን። የተቀቀለ ጎመን ቅጠል ቆሮሶን ደስ ያሰኘዋል። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ ግን በቶሎ ስለሚበሰብስ ይቅር። እንግዳ በመጣ ቍጥር «ዓሣው ሲበላ ላሳይህ» ማለት ዓሣውን በደግነት መግደል ነው።

የየሳምንቱ ጽዳት በዚህ ተራ ይፈጸማል።

1ኛ፤ ኤሌክትሪኩን ሁሉ ከግድግዳው መንቀል። እጅን ያለ ሳሙና በውኃ አለቅልቆ መጀመር።

2ኛ፤ በመስተዋቱ ውስጥ የያዘውን አረንጓዴ አልጌ ለዚሁ ብቻ በተለየ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ። ዕቃ የታጠበበት ጨርቅ አይነካው። ሳሙናና በረኪና ከዚህ መስተዋት ጋራ ዝምድና የላቸውም።

3ኛ፤ ሁለት ሜትር በሚሆን ጐማ ከአሸዋው ላይ ያለውን እድፍ እየሳቡ ከውኃው አንድ አራተኛውን ብቻ ማውጣት። ጐማውን ግን በአፍ መምጠጥ አይገባም። አስቀድሞ ጐማውን ውኃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣት ደፍኖ፣ አንዱን ጫፍ በመስተዋቱ ውስጥ፣ ሁለተኛውን ከታች በባልዲው መልቀቅ ነው፤ ውኃው በራሱ ይወርዳል።

4ኛ፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ ከመስተዋቱ በወጣው ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምቆ መመለስ። ቡናማ ሆኖ ቢቀር አያሳፍርም፤ የባክቴሪያዎቹ መኖሪያ እርሱ ነው።

5ኛ፤ ያደረውን ውኃ፣ ሙቀቱ ከመስተዋቱ ውኃ ጋራ የተስተካከለ መሆኑን አይቶ በዝግታ መጨመር።

6ኛ፤ ኤሌክትሪኩን መልሶ መሰካትና ዓሦቹ ወደ ውኃው ፊት እየወጡ የሚያለከልኩ እንደ ሆነ መመልከት። ያለከለኩ እንደ ሆነ አየር አንሶአቸዋል ማለት ነው፤ ምግብ መቀነስና የአየር መንፊያውን ማበርታት ይገባል።

ጐማውን በአፍ መምጠጥ አይገባም ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጋምቤላ ክልል፣ ይልቁንም በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች፣ ጊኒ ዎርም የሚባለው በሽታ ለብዙ ዘመን ሕዝቡን ሲያሠቃይ ኖሯል። የትሉን ዘር የያዙ እጅግ ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ከኩሬ ውኃ ጋራ ሲጠጡ ትሉ በሰውነት ውስጥ አንድ ዓመት ያህል አድጎ፣ እስከ አንድ ሜትር ረዝሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል ቈዳ ቀዶ ይወጣል። በሽታውን ለማጥፋት በተደረገው የብዙ ዓመት ድካም በሰው ላይ የሚገኘው ቍጥር በጣት ወደሚቈጠር ወርዷል፤ ነገር ግን በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ በቅርብ ዓመታትም ስለ ተገኘ ጥንቃቄው መላላት የለበትም። ስለዚህ ልጆች ከኩሬ ወይም ከወንዝ የመጣውን የመስተዋት ውኃ ወደ አፋቸው እንዳያስገቡ፣ ከሥራውም በኋላ እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ወላጆች ይቈጣጠሩ።

ደግሞ ትንኝ ለመግደል በቤት ውስጥ ፍሊት የሚረጭ ወይም ለወባ መከላከያ ግድግዳው የሚቀባ እንደ ሆነ፣ መስተዋቱን አስቀድሞ በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ ሸፍኖ የአየር መንፊያውን ማቆም ያስፈልጋል። መንፊያው የክፍሉን አየር እየሳበ ወደ ውኃው ስለሚያስገባ መርዙን ለዓሦቹ ያደርስባቸዋልና። ቤቱ በሚገባ ከተናፈሰ በኋላ ሳይዘገዩ ይክፈቱት።

ከመስተዋቱ የሚወጣው ውኃ ለጓሮ ጎመንና ለባሚያ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ ናይትሬቱን ተክሉ ይወደዋል። ወደ ወንዝና ወደ ኩሬ ግን አይደፋ። ዓሣውም ቢሆን፣ የውኃ ተክሉም ቢሆን፣ ከመስተዋት የወጣ ወደ ባሮ አይጣል። በዚህ ነገር ቸልተኝነት ምን እንደሚያመጣ አገራችን በእምቦጭ አይታዋለች። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የወጣ፣ ስለ አበባው ውበት ሰዎች ከአገር ወደ አገር እየወሰዱ ያባዙት ተክል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ መገኘቱ ተገለጠ፤ ከዚያም በኋላ በባሮና በጊሎ ታየ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጣና ላይ መስፋፋቱ ታወቀ። የናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ ዓሣም በባሮ ውስጥ የአገር ተወላጅ ሆኖ ማንንም ሳያጠፋ ይኖራል፤ እርሱኑ በ1950ዎቹ ወስደው በቪክቶሪያ ሐይቅ በጨመሩት ጊዜ ግን ለመጥፋት የበቁት ወይም ወደ መጥፋት የቀረቡት የዓሣ ዓይነቶች በመቶዎች የሚቈጠሩ ናቸው። በአገሩ መልካም የሆነው ሁሉ በሰው አገር መልካም ላይሆን ይችላል።

ቆሮሶዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ አድገው መስተዋቱ ሲጠባቸው የት ይሄዳሉ ብሎ ልጅ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ከመጀመሪያው ተነጋግሮ መጨረስ ይሻላል። የተዘጋ የዓሣ ኩሬ ላለው ዘመድ መስጠት ይቻላል፤ ያም ባይሆን ቆሮሶ መልካም ምግብ ነው። ልጁን አታልሎ «ወደ ወንዙ ሄደ» ከማለት፣ የምናኖረውም የምንበላውም ከአንድ ወንዝ መሆኑን በእውነት መንገር ይበልጣል።

ለመስተዋቱ አንድ ደብተር ይኑረው። ውኃው የተለወጠበትን ቀን፣ የቀኑን ሙቀት፣ የተሰጠውን ምግብ፣ ዓሦቹ ያሳዩትንም ጠባይ ልጆቹ ተራ በተራ ይጻፉበት። አንድ ዓሣ ቢሞት ምክንያቱ ከደብተሩ ይፈለጋል፤ «ዕድሉ ነው» ተብሎ አይታለፍም። አንድ መቶ ሊትር ውኃ በሚገባ መጠበቅን በቤቱ የተማረ ልጅ፣ አድጎ ስለ ባሮ በሚመከርበት ስፍራ በተቀመጠ ጊዜ፣ ጥሩ መስሎ የሚታየው ውኃ ሁሉ ጤነኛ እንዳልሆነ ያውቃልና ማንም በቀላሉ አያታልለውም።